ድርጎ የሌላት ደራሲ

በስልክ ላይ በነጻ ያነበብነው ልብ ወለድ ዕዳ ይጥልብናል ወይ? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የጠበቆች ይመስላል። የጠበቆች ከሆነ ደግሞ መልሱ ከተጻፈ ቆይቷል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ሥራዎች ባለቤትነት ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው፤ በ1996 የታወጀው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት አጸናለት፤ በ2007 አዋጁ በቁጥር 872 ተሻሻለ። ይህ ሁሉ እያለ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና፣ ወደ ቤተል ወይም ወደ ዓለም ባንክ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ሙሉ መጽሐፍ በፒዲኤፍ የሚያነብ ወጣት እጁን ሰው ኪስ እንደከተተ አይሰማውም። ያው ወጣት ረዳቱ ተሳስቶ መልስ ቢያበዛለት ትርፉን ይመልሳል። ልዩነቱን ብዙዎች በሕግ አለማወቅ ያመካኛሉ፤ እኔ ግን ከእውቀት ማነስ የመጣ አይመስለኝም። ከአዋጁ በፊት የነበረ፣ ከአብነት ትምህርት ቤትና ከመድረሳ የወረስነው አንድ እምነት አለ፦ ጥበብ የፈጣሪ ስጦታ ስለሆነች በገንዘብ አትሸጥም። እምነቱ ትክክል ነው ብዬ እነሣለሁ። ስሕተቱ ያለው እኛ ወራሾቹ ግማሹን ብቻ ይዘን ግማሹን መጣላችን ላይ ነው።

የማወራው ስለ የትኛዋ ደራሲ እንደሆነ ልናገር። ኮልፌ አጠና ተራ ወይም ካራ ቆሬ አካባቢ ቤት ተከራይታ ትኖራለች እንበል። አሳታሚ የላትም፤ ማተሚያ ቤት የሚጠይቀው ገንዘብ ከአቅሟ በላይ ነው። ስለዚህ ታሪኳን በክፍል በክፍል ቆርሳ ቴሌግራም ላይ ትለቃለች፤ ቅንጫቢውን ፌስቡክ ላይ፣ በድምፅ የተነበበውን ዩቲዩብ ላይ፣ የአንድ ደቂቃውን ደግሞ ቲክቶክ ላይ። በየክፍሉ ግርጌ ይቀጥላል የሚል ቃልና የባንክ ሒሳብ ወይም የቴሌብር ቁጥር አለ። ታሪኩ በወጣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሌሎች ቻናሎች ይገለብጡታል፤ ስሟን ቆርጠው የራሳቸውን ሊንክ ይለጥፉበታል። ቴሌግራም በ2016 ቢያንስ 1,000 ተከታይ ላላቸው ቻናሎች የማስታወቂያውን ገቢ ግማሽ ማካፈል ሲጀምር ድርሻው የተቆረጠው ለቻናሉ ባለቤት ነው፤ ታሪኩን ማን እንደጻፈው የሚጠይቅ የለም። የሰው ታሪክ የሚለቃቅም አድሚን ከጸሐፊዋ የበዛ ተከታይ ካለው ብሩም ወደ እሱ ያደላል። መንገዱም ቢሆን የሷ አይደለም። በየካቲት 2015፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሲኖዶስ ውዝግብ በተነሣበት ሰሞን፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው እስከ ሐምሌ ሲቆዩ፣ ቪፒኤን መጠቀም ያልቻለ አንባቢ ከደራሲው ጋር ተቆራርጦ ከረመ። ሱቅ ያለው ነጋዴ ሱቁ ቢታሸግ ቢያንስ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ይቀራል፤ እሷ ግን ቁልፉም አልነበራትም።

ጥበብ አይሸጥም የሚለው ወገን ዋና ምስክሩን የሚያመጣው ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ነው። ክርስቶስ ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ በነጻ ያገኙትን በነጻ እንዲሰጡ አዘዛቸው፤ ቁጥር 8 ላይ ነው። ትእዛዙ ግን እዚያ አያበቃም። ሁለት ቁጥር ወረድ ብሎ፣ ንግግሩ ሳይቋረጥ፣ ለሠራተኛ ምግቡ እንደሚገባው ይነግራቸዋል። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ሥርዓት ናቸው። ሐዋርያው ወርቅና ብር በመቀነቱ እንዳይዝ የታዘዘው የሚገባበት ቤት ያበላዋል ተብሎ ስለታሰበ ነው። ስብከቱ ዋጋ አይተመንለትም፤ ሰባኪው ግን ይራባል። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 9 ላይ በወንጌል የመኖር መብቱን አጥብቆ ይከራከርና ወዲያው እንዳልተጠቀመበት ይናገራል፤ ድንኳን እየሰፋ ነበርና የሚኖረው። የማይጠቀምበትን መብት ያን ያህል የተከራከረለት ለምንድን ነው? መተው የሚችለው ባለመብቱ ብቻ ስለሆነ ይመስለኛል። አንባቢ በደራሲዋ ፈንታ ሆኖ መብቷን ሊተውላት አይችልም፤ ቁጥር 8ን አንብቦ ቁጥር 10ን ሲዘል የሚያደርገው ግን ይህንኑ ነው።

ሥርዓቱ በእኛ አገር ሥጋ ለብሶ የታየው በአብነት ትምህርት ቤት ነው። ዋሸራ ድረስ ተጉዞ ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ ለየኔታ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም ነበር። ለራሱ ጉሮሮ አኩፋዳውን አንግቶ በእመቤታችን ስም እየለመነ ያድራል፤ ለመምህሩ እንጨት ይሰብራል፣ ውኃ ይቀዳል፣ በአዝመራ ጊዜ ያግዛል። መምህሩ በበኩላቸው ከደብሩ የሰሞን መሬት ድርሻ ነበራቸው፤ ከቤተ መንግሥትና ከመኳንንትም ለሊቃውንት ድርጎ ይቆረጥ ነበር። ለዛሬ ልጆች ድርጎ ምን እንደነበር ማስረዳት ሳያስፈልግ አይቀርም፦ እንግዳው፣ ሊቁ፣ አገልጋዩ በየጊዜው የሚሰፈርለት ቀለብ ነው። ደመወዝ እንዳንለው በሥራው መጠን አይለካም። ምጽዋትም እንዳንለው ተቀባዩ እጁን ዘርግቶ አይለምነውም፣ ሰጪውም አይመጻደቅበትም። ለሰውየው የሚገባ ነገር ስለሆነ ብቻ ይሰጣል። የኔታ በነጻ ያስተምሩ ነበር ስንል እንግዲህ እውነት ነው፤ ከበስተጀርባቸው ያረሰውን ገበሬ ግን ከሥዕሉ አውጥተነዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የቤተ ክርስቲያኒቱም መሬት ተወረሰ፤ ከዚያ ወዲህ የአብነት ትምህርት ቤቶች እንዴት እንደተራቆቱ ያየ ሰው ነጻው ትምህርት በምን ላይ ቆሞ እንደነበር አይጠፋውም።

ክርክሩ በእስልምና ውስጥ እንዲያውም ይበልጥ ጥርት ብሎ ተጽፏል፤ ብዙ ሙስሊም በሚኖርበት በኮልፌ ሆኖ ስለዚህ ጉዳይ የሚያስብ ሰው ሊያልፈው አይገባም። በወሎም ሥር ያለው የሐነፊ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት መንገድ) ቀደምት ሊቃውንት ቁርኣን በማስተማር ደመወዝ መቀበልን ከልክለው ነበር፤ ማስተማር ዒባዳ፣ ማለትም አምልኮ ነው፣ በዒባዳ ላይ ኪራይ አይጠየቅም ብለው። በኋላ የመጡት የዚያው መዝሀብ ሊቃውንት ፈቀዱ። የሰጡት ምክንያት ነው የሚያስደንቀው፤ ለመምህራን ከበይተል ማል፣ ከሕዝብ ግምጃ ቤት፣ ይቆረጥላቸው የነበረው ቀርቷል፣ እነሱ ለልጆቻቸው ምግብ ፍለጋ ከወጡ ደግሞ ትምህርቱ ይጠፋል አሉ። የማስተማር ክብር ባለበት ነው፤ ክብሩን የተሸከመው ትከሻ ነው የተነሣው። ስለዚህ የሕጉን መንፈስ ለመጠበቅ ሲሉ ብያኔውን ለወጡ። በ1981 ኩዌት ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚም የድርሰት መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መሆኑን፣ መድፈሩም የማይፈቀድ መሆኑን ወስኗል። ውሳኔው ለጠበቆች ይጠቅማል፤ ለኔ ክርክር ግን ያ የጥንቱ የሐነፊዎች ምክንያት ይበልጥብኛል፣ ጥያቄውን ከንብረት ወደ ቀለብ የመለሰው እሱ ነውና።

ልብ ወለዳችን ሲጀመርም ድርጎ ነበረው፤ ስሙ ሌላ ስለነበር ነው ያላስተዋልነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ሮም ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ሲያሳትሙ እንጀራቸው ናፖሊ ውስጥ አማርኛ ማስተማር ነበር። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሚኒስትር ነበሩ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማትም ሚኒስትርም። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርና በዓሉ ግርማ በመነን መጽሔትና በመንግሥት ጋዜጦች ሠርተው ይኖሩ ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበር፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ለሰባና ለሰማንያ ዓመት የአማርኛን ልብ ወለድ ሲቀልብ ኖሯል ብል ማጋነን አይሆንም። በብዕር ብቻ ለመኖር ከሞከሩት ጥቂቶች አንዱ አቤ ጉበኛ ነው፤ በ1955 የታተመው አልወለድም መታገዱ ደግሞ ወንበር ለሌለው ደራሲ አንድ መጽሐፍ ምን ያህል ነገር እንደሚሸከም ያሳያል። የደርግ ዘመን ሬዲዮንም እናስብ። ወጋየሁ ንጋቱ በከመጻሕፍት ዓለም ዝግጅት ፍቅር እስከ መቃብርን ሲተርክ አገሩ በሙሉ ያዳመጠው ሳይከፍል ነው። ሆኖም ጣቢያው የመንግሥት ነበር፤ ስቱዲዮውም ሞገዱም የሕዝብ ገንዘብ ነው። አድማጩ ሳያውቀው በግብሩ ከፍሎበታል። ዛሬ ያው ትረካ በዩቲዩብና በቴሌግራም ሲዞር ሁላችንም ከጥንትም በነጻ እንደነበረ አድርገን እናስባለን።

የኮልፌዋ ደራሲ እንግዲህ በዚህ መስመር ላይ ባዶ እጅ ናት። የሰሞን መሬት የላትም፣ የቢሮ ወንበር የላትም፣ የሬዲዮ ጣቢያ የላትም። በምትኩ አባቶቿ ያላገኙት አንድ ነገር አላት፦ ማንም ሳያይላት የጻፈችውን በደቂቃ ውስጥ ታወጣለች። የ1985ቱ የፕሬስ ሕግ ቅድመ ምርመራን ካነሣ ወዲህ በር ላይ የሚቆም ሳንሱር የለም፤ ስልኩ ደግሞ አሳታሚንም ከበሩ ላይ አነሣው። ነጻነቷ እውነተኛ ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን እኛ አንባቢዎች ከየኔታ ዘመን የወረስነውን መብት፣ ማለትም ሳይከፍሉ የመማርና የመስማት መብትን፣ እንዳለ ይዘን ያንን መብት ይሸከም የነበረውን ግዴታ ማን እንደሚረከበው አልጠየቅንም። ንጉሡ የለም፣ ደብሩ መሬት የለውም፣ መንግሥት ልብ ወለድ ጸሐፊ አይቀጥርም። የቀረ ሰው ካለ አንባቢው ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ መልስ ያለው ተከራካሪ ይነሣል። ቅጂ ቢበዛ ዋናው አይጎድልም ይላል፤ ጧፍ ከጧፍ ሲለኮስ የመጀመሪያው መች ይደበዝዛል? ትክክል ነው። ግን ጧፉ ሰም ነው፤ እየነደደ ያልቃል፣ ሰሙንም የገዛ ሰው አለ። የደራሲዋ ታሪክ በመገልበጥ ብዛት አይጎድልም፤ የሚያልቀው የጻፈችበት ሌሊት፣ የመብራቱ ካርድ፣ የዳታው ፓኬጅ፣ የቤት ኪራዩ ነው። ስለዚህ ከአዋጁ ጠበቆችም እለያለሁ። እነሱ እያንዳንዱን ቅጂ እንደ ተሰረቀ ዕቃ ይቆጥሩታል፤ ይህ ደግሞ ያንን የታክሲ ተሳፋሪ አያሳምነውም፣ ባያሳምነውም አልፈርድበትም። ዕዳውን ከቅጂው ላይ አንሥተን ለደራሲዋ ያለብን ብናደርገው ግን ይገባዋል። ዛሬ ክፍል 12ን አንብበሃል፤ ነገ ክፍል 13ን ትጠብቃለህ፤ እስከ ነገ በምን ትኑር? መቶ ዓመት ያለፈው የደራሲነት ክርክር ባይዘጋም፣ ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ውስጥ ያለው ፈላስፋ ይህን ነገር ለይቶ ያወቀ ይመስለኛል። እንፍራዝ ላይ ሀብቱ በሚባል ባለጠጋ ቤት መጻሕፍት እየጻፈ በእጁ ሥራ ይኖር ነበር፤ አሳቡን ግን ተማሪው ወልደ ሕይወት ሲለምነው አሰፈረለት። አሳቡ አልተሸጠም፤ አሳቢው ግን ቀለብ ነበረው፤ የሀብቱ ቤት ባይኖር ሐተታውም ባልኖረ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ አንባቢው ራሱ ደሃ ነው የሚለው። ወረቀት ተወድዷል፤ በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ በኋላ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ሲጨምር መጽሐፍም አልቀረም። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 አራት ኪሎ ላይ ቢከፈትም ከካራ ቆሬ እዚያ ድረስ ለትራንስፖርት ከፍሎ ለማንበብ የሚሄድ ተማሪ ብዙ አይደለም። ፒዲኤፉ ባይኖር ልጁ መጽሐፉን አይገዛውም፤ ጭራሽ አያነበውም። ይህን እቀበላለሁ፤ ድርጎን የመረጥኩትም ስለዚሁ ነው። ዋጋ ለሁሉም እኩል ነው፤ ድርጎ ግን ያለው ከሌለው ጋር እኩል አያዋጣም። በየኔታ ዘመን ደሃው ተማሪ አልከፈለም፣ መሬት ያለው ከፈለለት። እርግጥ ድርጎን ላሳምረው አልፈልግም፤ ለንጉሥ እንግዳ እንጀራና በግ ያቀርብ የነበረው ባላገር ብዙ ጊዜ ከጎተራው የተቀማ ያህል ነበር። ያን ያበላሸው ግዳጁ ከአቅም ጋር አለመዛመዱ ነው። ዛሬ ዋሺንግተን ወይም ቶሮንቶ ተቀምጦ ያንኑ ቻናል የሚከታተል ሰው የድሃውን ተማሪ ሰበብ ሊዋስ አይችልም። በየወሩ ለዳታ የሚከፍለው የአዲስ አበባ ሠራተኛም እንዲሁ፤ ለመንገዱ እየከፈለ በመንገዱ ለሚመጣለት ታሪክ ምንም አለመክፈሉን ድህነት አያስረዳውም።

ምንም የሌለው አንባቢስ? እሱም ዕዳ አለበት፤ የሱ ዕዳ ስም ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ውግዘት ይጽፉ ነበር፤ የሰረቀውን ብቻ አያወግዙም፣ የፋቀውንም ያወግዛሉ፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን። መጽሐፉን ያስጻፈው ማን እንደሆነ፣ ለየትኛው ደብር እንደተሰጠ የሚናገረውን መስመር ፍቆ የራሱን ስም የሚያስገባ ሰው ስለነበረ ነው። የዛሬው አድሚን የደራሲዋን ስም ቆርጦ የቻናሉን ሊንክ ሲለጥፍ ያው ፋቂ ነው፤ ምላጩ ብቻ ተለውጧል። በቅኔ ቤትም የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ መቀኘት ነውር ነው፤ በነጻ የተሰጠ መሆኑ ነውሩን አያቀልለውም። ስለዚህ አምስት ብር የሌለው ተማሪ ሼር ሲያደርግ ስሟ ካለበት ከራሷ ቻናል ፎርዋርድ ማድረግ፣ ስም ከተፋቀበት ቻናል መውጣት ይችላል። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ተከታይ ወደ ብር በሚመነዘርበት ዘመን አንድ አንባቢ የት እንደቆመ ራሱ ስጦታ ነው። ራሷ በነጻ ለቃዋለች የሚለው የተለመደ መልስም እዚህ ላይ ይወድቃል፦ የለቀቀችው ንባቡን ነው፣ ስሟን እንዲፍቁባት የለቀቀችበት ቀን የለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከአማኙ ወገን ነው። ሐዋርያው፣ የኔታውና የቁርኣኑ መምህር የሰጡት እውነትን ነው፤ ልብ ወለድ ያልሆነውን ሆነ ማለት ስለሆነ ለሐሰት ድርጎ አይቆረጥም ይላል። ይህን ሲሉ የሰማናቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ መናቅ አይገባም። ነገር ግን ውሸት የሚሠራው አድማጩ ውሸት መሆኑን እስካላወቀ ድረስ ነው። ተራኪ ገና ሲጀምር ተረት ተረት ብሎ ያስጠነቅቃል፤ አድማጩም የላም በረት ብሎ ይፈቅድለታል። በሁለቱ መካከል የተታለለ የለም። ነቢዩ ናታን ዳዊትን የገሠጸው በአንድ ደሃ ሰውና በአንዲት ግልገል ታሪክ ነው፤ ሰውየውም ግልገሏም አልነበሩም፣ ንጉሡ ግን ተቆጥቶ በገዛ ራሱ ላይ ፈረደ። ቀጥታ ቢነገረው ኖሮ እንዲያ ይፈርድ እንደነበር እጠራጠራለሁ። የጠፋው ልጅ አባት የየትኛው አገር ሰው ነበር ብሎ የሚጠይቅ አማኝም የለም። ያም ሆኖ በቻናሎቻችን ላይ የሚወጣው ሁሉ የናታን ወገን ነው አልልም። አብዛኛው ልብ አንጠልጥሎ ወደሚቀጥለው ክፍል ለመጎተት ብቻ የተጻፈ ነው፤ ጥቂቱም አሳፋሪ ነው። ፍርዱን ግን ለሃይማኖት አስተማሪዎች ብቻ የምንተውበት ምክንያት አይታየኝም። እስከ ክፍል 40 ድረስ የተከተለ አንባቢ ፈርዷል፤ ከንቱ ነው እያለ አርባ ሌሊት ያመሸ ሰው የክርክሩ ሳይሆን የንስሐ አባቱ ጉዳይ ነው።

የመጨረሻውን ተቃውሞ ሙሉ በሙሉ ልመልሰው አልችልም። ከአንባቢ እጅ የምትበላ ደራሲ አንባቢ የሚወደውን ትጽፋለች ይላል። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች የንጉሥ ድርጎ እየበሉ ንጉሥን አወድሰዋል፤ ይህ የታወቀ ነው። በሌላ በኩል በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ሆኖ ሳለ በ1975 ኦሮማይን አሳተመ፤ መጽሐፉ ታገደ፣ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ደብዛው ጠፋ። የሚቀልብ እጅ ብዕርን ሁልጊዜ እንደማያስር ይህ ማስረጃ ነው፤ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነም ማስረጃ ነው። አንድ ትልቅ ቀላቢ ከሚጫናት ብዙ ትናንሽ ቀላቢዎች ቢጫኗት ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ከሺህ አንባቢ ሃምሳው ቢቆጣ ቀሪው ይኖራልና። ብዙዎቹም ቢሆኑ ግን ፍቅረኞቹ እንዲጋቡላቸው፣ ክፉዋ እንጀራ እናት እንድትዋረድላቸው ይፈልጋሉ፤ ኮሜንት ላይ ይጮኻሉ። መታወቅ ያለበት ይህ ጫና ገንዘብ ሳይኖርም ያለ መሆኑ ነው። ላይክ እየቆጠረች የምትጽፍ ደራሲ ያለ ድርጎም ጎንበስ ብላለች፤ ጉብጠቱን ተቀብላ እንጀራውን አላገኘችም። ሁለቱም ከሚቀሩባት አንዱ ቢደርሳት ይሻላል ከማለት ሌላ የተሻለ መልስ የለኝም።

የባንክ ሒሳብ ቁጥር በታሪክ ግርጌ መጻፍም ይህን ያህል ክብር የሚነካ የሚሆነው ሥርዓቱ ስለጠፋ ነው። እሑድ በቀራኒዮ መድኃኔ ዓለም ደጃፍ፣ ዓርብ በኮልፌ መስጊዶች በር ላይ እጃቸውን የዘረጉ ሰዎች አሉ፤ ምጽዋት ለነሱ ይገባል፤ ደራሲዋ ግን በዚያ ሰልፍ ላይ መቆም የለባትም፣ እያገለገለች ነውና። ድጋፍ ይደረግልኝ የሚለው ቋንቋ ልትቀመጥበት የሚገባትን ወንበር ነሥቶ ከደጃፉ ያስቀምጣታል። ከጥቂት ወራት ወዲህ የጀመረ አንባቢም ይሁን ከዓመት በፊት የጀመረ፣ በየወሩ ትንሽ ነገር ሳትጠይቀው ቢልክ፣ ሲልክም አይዞሽ በርቺ ሳይል ቢልክ፣ ያ ድርጎ ነው።

ድርጎ የሚበላ ሰው ደግሞ ይጠየቃል፤ ይህን ደራሲዎቹ ሲናገሩት ብዙም አይሰማም። ከክፍል 20 በኋላ በክፍያ ነው ብላ ገንዘብ ሰብስባ ክፍል 27 ላይ የጠፋች ደራሲ ብራናውን ተቀብሎ ዳዊቱን እስከ መዝሙር ሃምሳ ጽፎ ከሸሸ ቁም ጸሐፊ አትለይም። የቱርክ ተከታታይ ፊልም ስም ቀይራ በአማርኛ ያቀረበችም ከፋቂዎቹ ጋር ናት። አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል፤ ማሽን በደቂቃ ውስጥ ክፍል 13ን ጽፎ ይሰጣል። ዕዳው ቅጂው ላይ ነው ለሚሉት ይህ ብዙ አያስጨንቅም፤ የለቀቀው ባለቤት ነኝ ካለ ባለቤት ነው። ዕዳው ለደራሲዋ ነው ላልኩት ለኔ ግን ያስጨንቃል፤ ሌሊቷን ያልሰጠችበት ታሪክ ሌሊቷን ከሰጠችበት ጋር እኩል ድርጎ ሊጠይቅ አይችልም። ልዩነቱን ከውጭ የሚያይ የለም፤ አንባቢውም አድሚኑም አያዩትም። ገንዘቡን የላከው ሰው ለሰው የላከ መስሎት ነውና የቴሌብር ቁጥሯን ከመጻፏ በፊት፣ እዚያው ግርጌ ላይ፣ ምን ያህሉ የራሷ እንደሆነ መጻፍ ይኖርባታል።